መሬቱ ያርፋል

ጥር 13

ዛሬ የአባባ ጊደር ሞተች። ሞተች ማለት አይበቃም፤ ገደሏት። ተዳፋቱ ላይ በታጠረው አጥር ሾልካ ገብታ ሣር ስትግጥ ጠባቂዎቹ በዱላ ሲያዋክቧት ለችግኝ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ጎረቤቶች መጥተው እዚያው አረዷት።

እኔ ከቀጭኑ ጋር መኪና ውስጥ ነበርኩ። ቀጭኑ የምንለው ሥራ አስኪያጁን ነው፤ ስሙ ለአፍ ስለሚከብድ መንደሩ ያወጣለት ስም ነው። ከባሕር ማዶ መጥቶ የካርቦን ፕሮጀክቱን የሚመራው እሱ ነው፣ የእሱ አስተርጓሚ ደግሞ እኔ ነኝ። ስንደርስ አባባ በትሩን በሁለት እጁ ይዞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል። ቀጭኑ ጊደሯን አየ፣ አባባን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እየሳቀ፣ «ከብቶቹን ማንበብ ያስተምራቸው፣ አጥሩ ላይ ማስታወቂያ በትልቁ ተጽፏል በይው» አለኝ።

«በጣም አዝኛለሁ ይልዎታል» አልኩት አባባን።

አባባ ቀጭኑን ትኩር ብሎ አየው። «ፊቱ ይስቃል» አለ።

«እርስዎ» ያልኩት ሥራ ላይ ስለሆንኩ ነው። አባባ አባቴ መሆኑን ቀጭኑ አያውቅም። ሲቀጥረኝ ከዚህ አካባቢ ሰዎች ጋር ዝምድና አለሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ የለኝም ብዬዋለሁ፤ እንጀራ የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ስለዚህ በሥራ ሰዓት እኔ ከከተማ የመጣሁ አስተርጓሚ ነኝ፣ አባባም «እርስዎ» ነው። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ ሹፌራችንም ያውቃል፣ ግን ማንም ነገሬ ብሎ አያነሣውም።

ይህን ሰው ካልተበቀልኩት ሰው አይደለሁም።

ጥር 14

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዐይኔን ስጨፍን የሚታየኝ የጊደሯ እግር አይደለም፣ የእሱ ጥርስ ነው።

ጥር 17

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ቂም ሲይዙ ጥርት አድርጎ መያዝ ነው።

ባሕር ማዶ አንድ አየር መንገድ አለ። አውሮፕላኖቹ ሰማዩ ላይ ጭስ ይተፋሉ። ጭሱን መቀነስ ስለማይፈልግ እዚህ እኛ ተዳፋት ላይ ዛፍ ያስተክላል፤ ከዚያ ጭሴን ዛፎቼ ጠጥተውልኛል እያለ ለተሳፋሪዎቹ ያወራል። በመካከል ሆኖ የሚያገናኘው የቀጭኑ ኩባንያ ነው። ይህን ለጎረቤታችን ለባለዶሮዋ ሳስረዳት በሳቅ ፈርሳ፣ «እነሱ ያጭሱና እኛ እንሳልላቸው?» ብላኛለች።

ተዳፋቱ የሁላችንም ግጦሽ ነበር። አባባ ከብት የጠበቀው እዚያ ነው፣ አባቱም እዚያ ነው። ከግርጌው ምንጭ አለ፤ አሁን ምንጩም ከአጥሩ ወዲያ ቀርቷል። ውሉ በእነሱ ቋንቋ፣ መሬቱ ለአርባ ዓመት ከማናቸውም አገልግሎት ውጪ ይሆናል ይላል። ሰዉ ተሰብስቦ የሰማው ግን «መሬቱ ያርፋል» የሚል ነው። ገበሬ መሬት ሲያርፍ ያውቃል። ይከርማል፣ ጉልበት ይገዛል፣ ይመለሳል። አርባ ዓመት የሚያርፍ ማን አለ፣ የሞተ ካልሆነ? ቀጭኑ በዚህች በአንዲት ቃል አንድ መንደር ጠቅልሎ በላ።

ጥር 24

ዛሬ የምበቀልበትን መንገድ ራሱ በእጁ ሰጠኝ።

ጠዋት ቢሮ ስገባ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ «አይዞን» አለኝ። ከቋንቋችን የሚያውቃት ቃል ይህች ብቻ ናት፤ ለሰላምታም፣ ለስንብትም፣ ሻይ ሲደፋበትም «አይዞን» ነው። ከዚያ ነገረኝ። በመጋቢት ከአየር መንገዱ አንዲት ተወካይ ትመጣለች። ሰዉን ሰብስባ፣ አውቃችሁ ነው ወይ የተስማማችሁት ብላ ራሷ ትጠይቃለች። አዎ ካሉ ትፈርማለች፣ አርባው ዓመት ይጸናል። ካላመነቻቸው አየር መንገዱ ይወጣል፣ እሱ ከወጣ አጥሩን የሚያስጠብቅ አይኖርም። ይህን ሲነግረኝ የእስክሪብቶውን ክዳን እየነከሰ ነበር። ሲፈራ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፣ ደስ አለኝ።

እስከ ዛሬ በእሱና በሰዉ መካከል ትራስ ሆኜ ኖሬያለሁ። ባለዶሮዋ ስብሰባ ላይ «አፍንጫውን ይላስ» ብላ ስትቀመጥ፣ «ጥቂት የማሰቢያ ጊዜ ትፈልጋለች» ብዬ ተርጉሜላታለሁ። እሱ «እነዚህ ሰዎች ከችግኞቹ ፈጥነው ይባዛሉ» ሲል፣ «ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ ይላል» ብዬላቸው አዳራሹ በአንድ ድምፅ አሜን ብሏል። ከእንግዲህ ትራስ የለም። የዚያን ቀን እነሱ ያሉትን እንደ ወረደ ለእንግዳዋ፣ እሱ በጆሮዬ የሚያንሾካሹከውንም እንደ ወረደ ለሁሉም አስተላልፋለሁ። አልጨምርም፣ አልቀንስም፣ አላለዝብም። በገዛ አፉ ነው የምቀብረው።

የካቲት 1

ቤት ሄጄ ነበር። እትዬ፣ ከአባባ ጋር የምትኖረው ታላቅ እህቴ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ልብስ ትጥፋለች። አባባ ግድግዳውን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል።

እንዴት ዋልክ አባባ አልኩት። ጠጋ ብዬ ጮክ አድርጌ ደገምኩለት። ዶሮዎቹን ያያል። ጆሮው እየከዳው ነው መሰለኝ። ሐኪም ቤት ልውሰደው ወይ ብዬ እትዬን ባማክራት፣ «ጆሮው ምን ሆነና?» ብላ ክሯን በጥርሷ በጠሰችው። አብሮ የሚውል ሰው ለውጡን አያየውም።

ስመለስ ጀሪካን ካዘሉ ሴቶች ጋር ተላለፍኩ። ምንጩ ስለታጠረ ወንዝ ድረስ ነው የሚወርዱት። ካለፍኳቸው በኋላ አንደኛዋ፣ «የቀጭኑ አፍ ናት» ስትል ሰማሁ። ስለ ጥበቃ ኃላፊው ሚስት እያወሩ ይሆናል፤ እሷ አፏ አያርፍም።

የካቲት 5

ሩጫ። ለእንግዳዋ ሲባል ችግኞቹ ጠዋትና ማታ ይጠጡ አለ ቀጭኑ። ሴቶቹ ከወንዝ ይቀዳሉ፣ ምንጩ ለዛፍ ነው። ይህንንም እኔው ተረጎምኩ። ይጠጡ። እሱም ያገኛታል።

የካቲት 12

መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳብንና ሹፌሩ ሲቀይር አጠገቡ ቆሜ ስለ ቀጭኑ የሆዴን ነገርኩት። «ያርፋል» በሚል ቃል እንዴት አድርጎ እንዳታለላቸው ስነግረው ብሎኑን እያጠበቀ፣ «እሱ እኮ ከአይዞን ሌላ አያውቅም» አለኝ።

ታዲያ ምን ለማለት ነው አልኩት። ምንም አለ፤ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ገባ።

ነገረኛ ሰው ነው። ከእንግዲህ ከኋላ ነው የምቀመጠው።

ለስለስ ያለ ቃል ፈልጊ፣ ሰው የማያስደነግጥ ይሁን፣ ያለኝ ቀጭኑ አይደል እንዴ? እሱ ነው። ሐሳቡ የእሱ ከሆነ ቃሉም የእሱ ነው። አናጢ አልጋ ቢሠራ የሚተኛበት ያዘዘው ነው እንጂ አናጢው ነው እንዴ? ደሞዜን የሚከፍለኝ እንድፈልግለት ነው፣ ፈለግኩለት። ሰዉስ ቢሆን «ለስንት ጊዜ ነው የሚያርፈው?» ብሎ መጠየቅ ያቅተዋል? አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም። አምነው ነው የፈረሙት። ማንን አምነው እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

እጄ ደክሟል። ይብቃኝ።

የካቲት 20

ለአባባ ኮት ገዝቼለት ሄድኩ። ከበሩ ውጪ ስደርስ ሳቁ ይሰማኛል። ባለዶሮዋ አጠገቡ ተቀምጣ እትዬ እንዳትሰማ በሹክሹክታ የምታጫውተው ነገር አለ፣ እሱ ትከሻው እስኪናወጥ ይስቃል። ስገባ ሳቁ ተቆረጠ። ኮቱን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩለት፤ እንዳላየ ሆነ። ዐይኑም ሳይደክም አልቀረም።

ባለዶሮዋን ስሸኛት ስለ እንግዳዋ ነገርኳት። የዚያን ቀን የልብሽን ተናገሪ፣ ከምትይው አንዲት ቃል አላጎድልብሽም አልኳት። ዶሮዋን ብብቷ ውስጥ እንዳቀፈች ቆም አለችና፣ «ዛሬ ምን ተገኘ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጊደሯን ገደሏት እኮ አልኳት።

«ምንጩ ከታጠረ እኮ ከርሟል» አለች።

ለማንኛውም እሺ ብላለች። እሷ ከተናገረች ሌላውም ይናገራል።

የካቲት 28

ቀጭኑ ዛሬ በጣም ደግ ሆኖ ዋለ። ጉብኝቱ በሰላም ካለፈ ወደ ዋናው ቢሮ ሊወስደኝ ነው፤ ከተማ፣ የራሴ ክፍል፣ መስኮት ያለው። አመሰገንኩት፣ ጥርሴንም አሳየሁት። እውነቱን ለመናገር ከቢሮ እስከ ማደሪያዬ ድረስ ስለዚያ መስኮት ሳስብ ነው የሄድኩት። መጋረጃ ሁሉ መርጬለት ነበር። በኋላ ጊደሯ ትዝ ስትለኝ በራሴ አፈርኩ።

ቀጠል አድርጎም፣ «አንቺ ባትኖሪ ይህ ፕሮጀክት አይኖርም ነበር፣ ያቺ ቃልሽ ተአምር ናት» አለኝ። ሊጠራትም ሞከረ፤ «ያርባል፣ ያርባል» እያለ።

ቃልሽ! አየህ፣ ነገሩ የከረረ ዕለት በእኔ ሊያላክክ ከአሁኑ ገመዱን እያዘጋጀ ነው። ቂሜ ላይ ቂም ጨመረልኝ።

ከዚያ ለስብሰባው መክፈቻ ለሰዉ የሚላት ጥሩ ቃል አስተምሪኝ አለ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ፈልጎ። «ደህና ሁኑ» በል አልኩት። መስታወቱ ፊት ቆሞ ሲለማመዳት ዋለ። ውሸት አልነገርኩትም፣ ቀድሜ ነው የነገርኩት።

መጋቢት 4

ቤት ሄጄ ነበር። ኮቱ ጓሮ ነው ያለው፣ ለወፎቹ ማስፈራሪያ የቆመው እንጨት ላይ። ለፀሐይ አስጥተውት ይሆናል። እትዬን አልጠየቅኳትም።

የመጀመሪያው ስብሰባ ቀን ትዝ አለኝ። ሰዉ ፊቱን አጨማዶ ተቀምጦ ነበር። ቃሏን ስናገር ሁሉም ፊቱን ሲፈታ ከፊት ቆሜ አየሁ። ቀጭኑ እንኳ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። አባባ ከፊተኛው ወንበር ነበር፤ ካረፈማ ጥሩ ነው፣ ደክሞት ነበር ብሎ ላጠገቡ ሰው ሲናገር ሰማሁት። ከዚያ ማንም ሳያየን በዐይኑ ጠቀሰኝ። በሰው ፊት አንተዋወቅም የምንለው ነገር ያኔ ለእሱ ጨዋታ ነበር። የመጀመሪያውን ጣት ወረቀቱ ላይ ያሳረፈውም እሱ ነው። ጣቱ ላይ የቀረውን ቀለም በመሐረቤ የጠረግኩለት እኔ ነኝ፣ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ አድርጌ።

እንዴት ኮርቼ እንደነበር።

ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ዛሬ ልጽፍ የተቀመጥኩት ስለ ቀጭኑ ነበር።

መጋቢት 9

ነገ ነው። አዳራሹ ተጠርጓል። ሸሚዜ ተተኩሷል። ቀጭኑ «ደህና ሁኑ፣ ደህና ሁኑ» እያለ ኮሪደሩ ላይ ይመላለሳል።

እትዬ ደውላ አባባ እመጣለሁ ብሏል አለችኝ። ደስ አለኝ። ንገሪው፣ የፈለገውን ይናገር፣ አይፍራ፣ እኔ አለሁ አልኳት።

«እሱንማ ያውቃል» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

መጋቢት 11

ተበቅያለሁ። እንግዳዋ አልፈረመችም። ቀጭኑ ዛሬ ጠዋት ዕቃውን ጫነ። መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገና «ደህና ሁኑ» አለን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታዋ ተናገራት። በምንጩ በኩል ያለውን አጥር ሰዉ ራሱ ነቅሎታል። ከዚህ ሆኜ ላሞቹ ተዳፋቱ ላይ ሲግጡ አያለሁ። ያሰብኩት ሁሉ ሆነ።

እንዴት እንደሆነ ልጻፍ።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሏል። ቀጭኑ ደረቱን ነፍቶ ተነሣና «ደህና ሁኑ!» አለ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፣ ከዚያ ባለዶሮዋ ከኋላ፣ «አሜን፣ አንተም ደህና ሁን፣ ዕቃህን ማን ይሸከምልህ?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሱ የተወደደ መስሎት አብሮ ሳቀ። እንግዳዋ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፤ እንደ ወረደ ነገርኳት። አጭር፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት፤ አልሳቀችም፣ እሱን አየችው።

ከዚያ ባለዶሮዋ ተነሥታ ምንጩን ተናገረች፣ ወንዙን ተናገረች፣ የጀርባዋን ሕመም ተናገረች፣ መጨረሻ ላይም አፍንጫቸውን ይላሱ አለች። አፍንጫቸውንም ተረጎምኩት። ቀጭኑ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ይህችን ደደብ ዝም አሰኚልኝ አለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ይህችን ደደብ ዝም አሰኚልኝ ይላል» አልኩ በቋንቋችን፤ ያልኩትንም መልሼ ለእንግዳዋ በቋንቋዋ ነገርኳት። ፊቱ አመድ መሰለ። ያኔ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ።

እንግዳዋ፣ አርባ ዓመት መሆኑን ማን ነው ያስረዳችሁ ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩ። ሹፌሩ በሩን ተደግፎ ጫማውን ያያል። አባባ በትሩን ተመርኩዞ ተነሣ።

«አርባ ዓመት የሚባል አልሰማንም» አለ። «ያርፋል ነው የተባልነው። እኔ የእናንተን ወረቀት አላነብም። ልጄ ናት ያርፋል ያለችኝ። እሷ ካለች ብዬ ጣቴን አሳረፍኩ፣ ሌላው ደግሞ እኔን አይቶ አሳረፈ።»

በእኛ ሥራ ተናጋሪው «እኔ» ሲል አስተርጓሚውም «እኔ» ነው የሚለው። ደንቡ ነው። «ልጄ ናት ያለችኝ» አልኩ በእነሱ ቋንቋ፣ በገዛ አፌ። ሥራዬን አውቃለሁ።

እንግዳዋ ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች። ልጅዎን ባነጋግራት ደስ ይለኛል፣ እዚህ ትኖር ይሆን አለች። ወደ አባባ ዞርኩ። ሰዉ ሁሉ እኔን ያያል፤ እሷና ቀጭኑ ብቻ ናቸው አባባን የሚያዩት።

«ልጅዎ እዚህ አለች ወይ ብላ ትጠይቅዎታለች» አልኩት። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፣ ሰማኝ። ጆሮው ምንም አልሆነም።

ከጊደሯ ቀን ወዲህ ዐይኔን አይቶት አያውቅም ነበር። አየኝ።

«አርፋለች በያት» አለኝ።

በእነሱ ቋንቋ ለዚህ ሁለት ቃል አለ። አንደኛው ደክሞት ጋደም ላለ ሰው ነው፣ ሌላው ለማይነሣው። በእኛ ቋንቋ ግን አንድ ነው። አባባ የትኛውን እንዳለኝ አውቃለሁ። አላለዝብም ብዬ ለራሴ ምያለሁ።

ነገርኳት።

እንግዳዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። አንድ ነገር ተናገረች፣ ከዚያ እንድተረጉምላት ወደ እኔ ዞረች።

«በጣም አዝኛለሁ ትልዎታለች» አልኩት።

አባባ ሴትዮዋን ትኩር ብሎ አያት።

«እሷስ ፊቷም አዝኗል» አለና ተቀመጠ። እሱንም ተረጎምኩላት።